የሻውና የአያ ዐብዱልቃድር ቀርከሃ

የሻው ከእኔ ሱቅ ምስማር ገዝቶ አያውቅም። ባምባሲ ገበያ ዳር ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ ላስቲክና ምስማር እሸጥ ነበር። ከወሎ መጥተው የሰፈሩት ሁሉ ጎጇቸውን ለመጠጋገን ምስማር ይገዙኛል። እሱ ግን ጨውና ሳሙናውን ይይዝና የምስማሩን ቆርቆሮ በጣቱ ገፋ አድርጎ፣ ቀርከሃ ምስማር አይወድም፣ ይሰነጠቃል፣ በልጥ ነው የሚታሰረው ይለኛል። እኔም የማይገዛ ሰው አልወድም እለዋለሁ። ይስቃል። ያኔ ይስቅ ነበር።

እኔ ደጊቱ ነኝ፣ የነጆ ልጅ። ለንግድ ብዬ ከወለጋ መጥቼ እዚያው ቀረሁ። በሱቄ ደጃፍ ሰፋሪውም የአገሩ ተወላጅ በርታውም ስለሚያልፍ የሁለቱንም ሐሜት እሰማለሁ። ዛሬ ስለ የሻው የሚወራው ሁሉ ያናድደኛል፤ ግማሹ ጻድቅ ያደርገዋል፣ ግማሹ ይሁዳ። ሁለቱንም አልነበረም። ቤት ሠሪ ነበር፤ እጁ ጎበዝ፣ አፉ ፈሪ።

አገሩ ወረኢሉ ነው። እዚያ ሳለ የጎረቤቱን ሁሉ ቤት በጥድና በባሕር ዛፍ የሚያቆመው እሱ ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከሚስቱ ከብዙወርቅ ጋር መጠለያ ገቡ። ሁለት ልጆቻቸውን ከመጠለያው ጀርባ ቀበሩና፣ ለምለም አገር ነው የምትሄዱት ተብለው መኪና ላይ ተጫኑ። ትሄዳላችሁ ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም። አሶሳና ባምባሲ መሀል፣ ቁጥር እንጂ ስም የሌላት መንደር ውስጥ አወረዷቸው። ከዚያ ወዲህ አልወለዱም። የሻው በዚች ምድር ላይ የእኔ የሚለው ነገር ቢኖር በእጁ ያቆመው ቤት ብቻ ነው። ብዙወርቅም ይህን ስለምታውቅ ስለ ቤት ሲያወራ አታቋርጠውም ነበር።

መንደሯ የተተከለችበት ሜዳ ባዶ አልነበረም። የአያ ዐብዱልቃድር የማሽላ ማሳ ነበር። አያ ዐብዱልቃድር የበርታ ሽማግሌ ነው፤ «አያ» የሚሉት ሰፋሪዎቹ በወሎ ወግ ናቸው። ትራክተር መጥቶ ማሳውን ሲገለብጠው፣ ሚስቱን ኑራን ይዞ ወንዙን ተሻገረና ከአባቱ የወረሰው የቀርከሃ ደን አጠገብ ጎጆውን አቆመ። ሰፋሪው የሰውየውን መሬት እያረሰ ሰውየውን እንደ ባዕድ ያየው ነበር። ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል። ግን ሰፋሪውም ወዶ አልመጣ፤ ማንን ልስደብ?

የመንደሯ የመጀመሪያ ቤቶች በዘመቻ፣ በጥድፊያ የተሠሩ ነበሩ። ዓመት ሳይሞላቸው ነቀዝ ገባባቸው። የሻው ነገሩ አንገበገበውና ወንዙን ተሻግሮ፣ የእርስዎ ቤት ለምን አይነቅዝም ብሎ አያ ዐብዱልቃድርን ጠየቀ። ሽማግሌው በአንድ ቀን አልመለሰለትም፤ በጋውን ሙሉ ደኑ ውስጥ አብሮት አዞረው።

ቀርከሃ ቁመቱን በአንድ ክረምት ይጨርሳል። የዘንድሮው ቡቃያ መስከረም ላይ ከአሮጌው እኩል ረጅም ነው፤ ለስላሳ፣ አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ። ባሕር ዛፍ እየቆረጠ ያደገ ደገኛ ያን ሲያይ ምራቁን ይውጣል። ቡቃያው ግን ገና ውኃ ነው። ለቤት የሚሆነው መልኩ የጠፋው፣ ገላው ላይ ነጫጭ እድፍ የወጣበት ነው። የሚቆረጠውም በበጋ ነው፣ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ልክ ከአንጓው በላይ። ሥር ድረስ ከወረዱ ጉቶው ውኃ ይገባበትና ይበሰብሳል፤ ያ ግንድ ዳግም አያቆጠቁጥም። ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ተጭኖት ይከርማል፤ ነቀዝ የሚወደው ጣፋጩ ታጥቦ እስኪያልቅ ድረስ በየጊዜው ይገለበጣል። ሲወጣ ይገማል። ጥላ ሥር ከደረቀ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

የሻው በዚህ ዓይነት፣ ከአያ ዐብዱልቃድር ደን፣ በአያ ዐብዱልቃድር ፈቃድ፣ መንደሩ ጫፍ ላይ ወደ ወንዙ አስጠግቶ ቤቱን ሠራ። ምሰሶው፣ ማገሩ፣ ወጋግራው ሁሉ ወንዝ የከረመ ቀርከሃ ነው። ሽማግሌው መጥቶ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳና ሳቀ። ከዚያ በኋላ በማሽላ ጊዜም በኑግ ጊዜም ሁለቱ አይለያዩም ነበር። ገበያ ሲመጡም አንድ ላይ ናቸው፤ አያ ዐብዱልቃድር ከቀርከሃ የሠራውን ቅርጫት ለእኔ ያስረክባል፣ የሻው ምስማሬን ይገፋል።

ሰማንያ ሁለት ጥር ላይ ታጣቂዎች መጡ። ማን እንደላካቸው እያንዳንዱ የራሱን ይናገራል፤ እኔ የማላውቀውን አልጽፍም። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፣ እኩለ ቀን፤ የሻው እኔ ሱቅ ቆሞ ጨው ሲያስመዝን ነው ተኩሱ የተሰማው። ብዙወርቅን ጠዋት ወንዝ ወርደሽ የተነከረውን ቀርከሃ ገልብጪ ብሏት ነበር የመጣው። የከብት ማደሪያ ሊሠራ ያስቀመጠው ነው። ጭሱ በመንደሩ በኩል ሲነሳ ጨዉን ትቶት ሮጠ። እጁን ይዤው ነበር፤ አመለጠኝ።

የሆነውን በኋላ ብዙወርቅ ነገረችኝ። ወንዙ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ሳለ ጥይት ሰማች። አያ ዐብዱልቃድር ከደኑ ወጥቶ ክንዷን ያዘ። «ብዙወርቅ፣ ግባ። አትናገር» አላት። ሴቱንም ወንዱንም እንደ ወንድ ነው የሚያናግረው፤ በደህናው ቀን በዚህ እንስቅበት ነበር። ከቀርከሃ የተጠለፈ ጎተራው ውስጥ ከተታትና የማሽላ ዛላ አለበሳት። ታጣቂዎቹ መጥተው እዚህ የገባ ሰፋሪ አለ ወይ ሲሉት፣ «ወላሂ የለም» አለ። ያ ሰው በሐሰት ወላሂ ከሚል ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል። ለዚያች መሐላ በኋላ ሦስት ቀን ጾመ፤ ለማንም አልነገረም፣ ለእኔ የነገረችኝ ኑራ ናት።

የሻው ሲደርስ መንደሩ አመድ ሆኗል። የሞተው ሞቷል። የእሱ ቤት ግን ቆሟል፤ ነፋሱ ወደ ማዶ ስለነበረ እሳቱ ወደ ወንዙ ጫፍ አልደረሰም። ሚስቱን ከጎተራው ሲያወጣት የአያ ዐብዱልቃድርን ጉልበት ሳመ። እስክሞት ባለውለታህ ነኝ አለው። ይህን ብሏል፤ ብዙወርቅም ኑራም በጆሯቸው ሰምተዋል።

የተረፈው ሰው በጋውን ባምባሲ ትምህርት ቤት ግቢ ተጠልሎ ከረመና ሐምሌ መግቢያ ላይ ወደ መንደሩ ተመለሰ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ቤት የለም። ከአሶሳ የመጣ አንድ ካድሬ ከተቃጠለው መጋዘን ፊት ስብሰባ ጠራ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጎሹ ነበር። ጎሹን ክፉ ሰው አድርጌ አላወራውም፤ ሚስቱና ሁለት ወንዶች ልጆቹ ቤት ውስጥ ተቃጥለዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ ሐዘኑን የሚያወርድበት ትከሻ ሲፈልግ ነበር። መንገድ ያሳዩት በርታዎቹ ናቸው አለ። ቤት እንሠራለን፣ ቀርከሃውም ከወንዙ ማዶ ነው፣ ፈቃድ የምንጠይቀው ሰው የለም አለ።

ብዙወርቅ ተነሣች። አያ ዐብዱልቃድር እኔን ደብቆ አድኖኛል ብላ ተናገረች፤ ያቺ ሴት በሰው ፊት ቆማ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ጎሹ ቀስ ብሎ ሰማትና፣ «እንግዲያ መምጣታቸውን ያውቅ ነበር ማለት ነው» አላት። «ባያውቅማ ከሁላችን መርጦ አንቺን ብቻ እንዴት አዳነ? የእናንተስ ቤት እንዴት ተረፈ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ የሻውን አየ።

መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። እኔ ነኝ ጠዋት ወንዝ የላክኋት፣ ሽማግሌው መሄዷንም አያውቅም ነበር ማለት ብቻ። የሻው ተነሣ። ካፖርቱን ሰበሰበ። ከዚያም አሁን ክረምት ነው፣ ቀርከሃው ውኃ ነው፣ ቢቆረጥ ነቀዝ ይጨርሰዋል፣ እስከ ታኅሣሥ ብንታገሥ አለ። ስለ ቀርከሃው ተናገረ። ስለ ሰውየው አልተናገረም። ጎሹም ነቀዙ እስኪመጣ ልጆቻችን በዝናብ ይለቁ ወይ አለው፤ ካድሬውም ደን የሕዝብ ሀብት ነው ብሎ ዘጋው። ገጀራውን ለየሻው ሰጡትና አንተ ታውቃለህ፣ ምራን አሉት። መራቸው።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ፈርቶ ነው። ቤቱ ስለተረፈ ብቻ እንደ ከሃዲ ሲያዩት ከረሙ፤ እንቢ ቢል ያን ቤቱን ያቃጥሉበት ነበር ይሆናል። ይገባኛል። ገብቶኝም አልበረደልኝም።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እነሱ ነቅንቀው አልተዉም። የሻው አሮጌ አሮጌውን እየመረጠ፣ ከአንጓው በላይ እየቆረጠ ጀመረ፤ የቀረው ሰው ግን እንደ አገሩ ባሕር ዛፍ ቆጥሮት ሥር ድረስ ይወርዳል፣ ተመልሶ ያቆጠቁጣል ብሎ። መልክ አይቶም ይመርጣል፤ የሚያብረቀርቀውን፣ ገና ያልጠናውን። የሻው አንዴ ሁለቴ ተቆጣ፣ የሚሰማው ሲያጣ ተወው። ኑራ ለምግብ የሚሆን ቡቃያ ልትለቅም ቅርጫቷን ይዛ መጥታ ቆማ ታይ ነበር። በዚያ አገር በክረምት ጎተራ ሲጎድል ሰው በዚያ ቡቃያ ነው የሚሻገረው። ባዶ ቅርጫቷን አንስታ ተመለሰች።

አያ ዐብዱልቃድር ማንጎው ሥር ተቀምጦ ነበር። አልጮኸም፣ አልለመነም። የሻው ሸክሙን ይዞ ዐንገቱን ደፍቶ በአጠገቡ ሲያልፍ ግን ጠራው።

«የሻው» አለው። «ንገር ለሰው። ከአንጓ በላይ ይቁረጥ።»



ነሐሴ ሲያልቅ ቤቶቹ ቆሙ። የሻው እያንዳንዱን በእጁ አሰረ፣ እያንዳንዱን መረገ፤ ካድሬውም በስብሰባ ፊት አመሰገነው። ብዙወርቅ ግን ከእነዚያ ቤቶች የአንዱንም ደፍ አልረገጠችም። ለጎረቤት ልቅሶ እንኳ ስትሄድ ውጭ ነው የምትቀመጠው። ባሏን ከምግብና ከውኃ ውጭ አታነጋግረውም። አንድ ቀን ብቻ ምሳ እያቀረበችለት፣ «እኔ ሴቷ ቆሜ ተናገርኩ፤ አንተ አንድ ቃል አቃተህ» አለችው። ይህን ያጫወተኝ ራሱ ነው፣ ሱቄ ውስጥ፣ ጨው የያዘበትን ከረጢት እያጣመመ። ሄደህ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቀው አልኩት። ከአጨዳ በኋላ አለ። አጨዳው አለፈ፤ ከጥምቀት በኋላ አለ። ጥምቀትም አለፈ። ወንዙ በበጋ ከጉልበት አያልፍም፤ እሱ ግን እንደ ዓባይ ፈራው።

በመጋቢት ዱቄቱ መውረድ ጀመረ። ከየጣሪያው፣ ከየማገሩ፣ ነጭ፣ ደቃቅ። ወጡ ላይ ይወርዳል፣ የተኛ ሕፃን ዓይን ውስጥ ይገባል። ጆሮህን ግድግዳ ላይ ብታደርግ ነቀዙ ሲቆረጥም ይሰማል። ሰው ምን አለ መሰላችሁ? በርታው ድግምት ደግሞብን ነው አለ። የሰውየውን ደን ሥሩን ቆርጠው፣ አሁን ደግሞ ምላሱን ከሰሱ። ሱቄ መጥቶ ይህን ያለኝን ሰው ጨው የለም ብዬ መልሼዋለሁ፤ ጆንያው ግን በፊቱ ነበር። ከወንዙ ማዶም ያው ነው፤ ጉቶው ጠቁሮ በስብሷል፣ አንድም ቡቃያ አልወጣም።

ግንቦት ሰማንያ ሦስት መግቢያ ላይ አያ ዐብዱልቃድር ሞተ። ታሞ ብዙም አልተኛም። እኔም ደንበኛዬ ነበርና ለቀብር ሄድኩ። ሙስሊሙ ሬሳውን መቃብር ጎን ውስጥ ካስተኛ በኋላ አፈሩ ገላውን እንዳይነካው እንጨት ይደረድርበታል፤ በርታው የሚደረድረው ቀርከሃ ነው፣ ቃሬዛውም ቀርከሃ ነው። የዚያን ቀን ግን የቀርከሃ ደን ባለቤት ሞቶ የሚሸፈንበት ቀርከሃ ጠፋ። ሰዎች ሩቅ አገር ሊያመጡ ተልከዋል፣ ፀሐዩም ያዘቀዝቃል፣ ሬሳም አያድርም። ኑራ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጉቶውን ታያለች።

ብዙወርቅ ዋይታውን ከወዲህ ማዶ ሰምታ ነበር። ቀርከሃ መታጣቱን ስትሰማ ማንንም አላማከረችም። ገጀራ አንስታ የገዛ ቤቷን ግድግዳ ማፍረስ ጀመረች። የሻው ከማሳ ሲመለስ ጭቃው ወድቆ፣ እሷ ማገር ስትነቅል አገኛት። ጣሪያው ላይ ወጣ፣ ሣሩን ገፎ ጣለ፣ በእጁ ያሰረውን ልጥ በእጁ ፈታ፣ ወጋግራውን አንድ በአንድ አወረደ። እሳቱ ያልነካውን፣ ነቀዙ ያልነካውን ቤት፣ በዚህ ዓለም ያለውን ያን አንድ ነገር አፍርሶ ተሸከመ። ወንዙን ሲሻገር እኔ ከማዶ ቆሜ አይቼዋለሁ። ከሚስቱ ጋር ፊትና ኋላ ሆነው፣ ቀርከሃው በትከሻቸው ላይ።

ሬሳውን የሚያጥቡት ሽማግሌዎች ቀና ብለው አዩዋቸው። አንዱ ተነሥቶ ቀርከሃውን በጣቱ አንኳኳ፣ አፍንጫውን አስጠጋ። የራሳቸው ወንዝ የከረመ፣ የራሳቸው ደን ቀርከሃ መሆኑን አወቀ። ተቀበሏቸውና ቃሬዛውን ማሰር ጀመሩ። ሴቶቹ ብዙወርቅን እጇን ይዘው ወደ ኑራ አስገቧት፤ ሁለቱ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔም አለቀስኩ። የሻው ቃሬዛውን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ግን ኑራ ተነሥታ መጣች። በእንባ ሳይሆን በደረቅ ዓይን ነው ያየችው።

«ቀርከሃ የሱ ነው፤ ይግባ» አለችው። «አንተ ቁም። ሰውዬ ለሚስት ያንተ ወላሂ ብሎ ዋሸ። አንተ ለሱ እውነት አልተናገርክ።»

የሻው እጁን ከቃሬዛው ላይ አነሣ። እስኪቀበር ድረስ ወንዙ ዳር ቆመ። ማንም ሂድ አላለውም፣ ማንም ና አላለውም።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ከመቃብሩ የተረፈው ቀርከሃ በሥርዓት ታስሮ ጣሪያ በሌለው ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ አገኘው። ለልቅሶ የሄደ ነገር አይመለስም፤ በእነሱም በእኛም ወግ ነው። እነሱ መለሱለት። ብዙወርቅ በዚሁ ወጋግራውን መልስ፣ ዝናቡ መጣ አለችው። አልነካውም። በዚያው ሰሞን መንግሥት ወደቀ ተባለ፤ ጎሹም ሌሎቹም ዱቄት የሚዘንብባቸውን ቤቶች ጥለው ወደ ወሎ መንገድ ጀመሩ። የሻው አልሄደም። ወዴት ይሄዳል?

ከቀናት በኋላ ሱቄ መጣ፣ በዝናብ በስብሶ። ጨው አልጠየቀም። ላስቲክ አለ፣ ለጣሪያ። ቀድጄ ሰጠሁት። ከዚያም የምስማሩን ቆርቆሮ ወደ ራሱ ሳበና ስጪኝ አለኝ።

«ቀርከሃው ላይ ልትመታው ነው?» አልኩት። «ይሰነጠቃል አላልክም?»

«ይሰንጠቅ» አለኝ።